ፈቃድ ከሌለህ ለማን አቤት ትላለህ?

ወገኖቼ፣ ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ከሥራ ስትመለሱ ቡናችሁን አፍልታችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። አገር ቤት ያላችሁ ቤተሰቦቻችንም ብታነቡት ደስ ይለኛል። «ለምን ሥራ ለቀቅክ? ለምን መላክ አቋረጥክ?» እያላችሁ በስልክ ለምትጠይቁን ጥያቄ ግማሹ መልስ እዚህ ውስጥ አለ።

ባለፈው ሰኞ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ። መንገድ ዳር ቡናና ሻይ የምትሸጥ አንዲት እህታችን ናት። እያለቀሰች ነበር።

«ቲቸር፣ ከሻ መጣብን። ምድጃውን፣ ጀበናውን፣ በርጩማዎቹን ሁሉ መኪና ላይ ጭነው ሄዱ። ካርዴንም ወሰዱት። ነገ ጠዋት ቂስም ነይ ብለውኛል። ልሂድ ወይስ ሰፈር ቀይሬ ልጥፋ?»

አገር ቤት ላላችሁ፦ ከሻ የምንለው አፈሳ ነው፣ ቂስም ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ። ካርቱም የኖረ ሐበሻ እነዚህን ሁለት ቃላት የሚማረው ከሰላምታ ቀጥሎ ነው።

«ትሄጃለሽ፣ ግን ብቻሽን አይደለም» አልኳት። ለምን እንዲህ እንዳልኳት ለመንገር የራሴን ጉዳይ ማንሳት አለብኝ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ለእናቴም አልነገርኳትም። እማዬ፣ ይህን የምታነብልሽ እህቴ ከሆነች አትደንግጪ፤ አልፏል።

በ2009 ዓ.ም. መግቢያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ ጎንደር ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። የወጣሁበትን ምክንያት ከዚህ በፊት ስለጻፍኩት አልደግመውም። በመተማ ወጥቼ ገላባት ገባሁ፣ ከገላባት ገዳሪፍ፣ ከዚያ ካርቱም። የስደተኛ ካርዴ ላይ የተጻፈው መኖሪያዬ በምሥራቅ ሱዳን ያለ ካምፕ ነው። የምኖረው ግን አል-ሳሃፋ ነው። ይህቺን ልዩነት ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ሳሃፋ በዓረብኛ ጋዜጠኝነት ማለት ነው። ሰፈራችን የጋዜጠኞች ስም ይዞ፣ እኛ ነዋሪዎቹ የሚደርስብንን ሳንናገር እንኖርበታለን።

መጀመሪያ ሚና በሪ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ዕቃ ተሸከምኩ። ቀጥሎ ምግብ ቤት ሳህን አጠብኩ። ቾክ ይዞ የኖረ እጅ ሳሙናና ሙቅ ውኃ ሲልጠው ምን እንደሚሰማ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በ2013 መጀመሪያ አካባቢ ግን ዕድል የሚመስል ነገር መጣ። ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥበት አንድ የግል ትምህርት ቤት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ይፈልግ ነበር። ኃላፊው ዲግሪዬን አየ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምር አለኝ፣ አስተማርኩ። «ኡስታዝ፣ ቅዳሜ ጀምር» አለኝ።

ኡስታዝ! ከአራት ዓመት በኋላ ሰው በሙያዬ ጠራኝ። የዚያን ቀን ከትምህርት ቤቱ እስከ ቤቴ ረክሻ ሳልይዝ በእግሬ ተመለስኩ፤ መሬቱን የረገጥኩ አልመሰለኝም።

የሥራ ፈቃድ እንዳለኝ አልጠየቀኝም። እኔም «የለኝም» አላልኩም። ረስቶት መስሎኝ ነበር። በኋላ ሲገባኝ ረስቶት አልነበረም። ፈቃድ የሌለውን መምህር ከሱዳናዊው ባልደረባው ደሞዝ በግማሽ መቅጠር ይቻላል። ውል አይጻፍለትም። ሲፈለግ ይሰናበታል። ዋናው ጥቅም ደግሞ ቀጥሎ የምነግራችሁ ነው።

የመጀመሪያው ወር ተከፈለኝ። ከዚያ ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ አለፈ፣ ጥር አለፈ። «ወላጆች አልከፈሉም» ይሉኛል፤ «ቡክራ፣ ኢንሻአላህ» ይሉኛል። ነገ እየተባለ የካቲት ገባ። የካቲት 14 መንግሥት የሱዳንን ፓውንድ ዋጋ አወረደው። በባንክ 55 ፓውንድ የነበረው አንድ ዶላር በአንድ ቀን 375 ገባ። በጥቁር ገበያው ላይ ቀድሞም ወድቆ ስለነበር ለእኛ አዲስ አልሆነብንም፤ ግን የዳቦውም፣ የቤት ኪራዩም፣ የረክሻውም ዋጋ ሲሮጥ የእኔ የሦስት ወር ደሞዝ ኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ቁጭ ብሎ በየቀኑ ያንስ ነበር።

አንድ ከሰዓት ቢሮው ገባሁ። በትህትና ጠየቅኩት። ሻይ ቀዳልኝ። ድምፁን ሳያነሳ፣ ፈገግ እንዳለ እንዲህ አለኝ፤ ቃል በቃል ባይሆንም ሐሳቡ ይህ ነው፦ «ወንድሜ፣ የሠራተኛ ቢሮ ወረቀት አለህ? የለህም። እሺ፣ የት ትከሰኛለህ? አሁን ፖሊስ ብንጠራ ይዞ የሚሄደው ማንን ይመስልሃል፣ እኔን ወይስ አንተን?»

የዚያን ዕለት ኡስታዝ ብሎ አልጠራኝም።

ሻዩን ጠጥቼ ወጣሁ። ከገንዘቡ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያንን ሻይ መጠጣቴ ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሥራውን ከለቀቅኩ ከአንድ ወር በኋላ የሐበሻ ልጆችን በየቤታቸው እየዞርኩ ማስጠናት ጀምሬ ነበር። አንድ ማታ ሳሃፋ ዘለጥ ላይ፣ የልጆቹን የፈተና ወረቀት በብብቴ ይዤ ከሻ ያዘኝ። ካርዴን አሳየሁ። አንዱ አገላብጦ አየውና «ይሄ የካምፕ ነው፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለ። መኪናው ላይ ወጣሁ።

ሌሊቱን በአንድ ጠባብ ክፍል ሠላሳ ያህል ሆነን አደርን። ሐበሻም፣ ደቡብ ሱዳናዊም፣ ሶሪያዊም ነበረ። ጠዋት ፍርድ ቤት ወሰዱን። ተራዬ ሲደርስ ሙያዬን ጠየቁኝ። አጠገቤ የነበረ ልጅ «ሥራ የለኝም በል» ብሎ በአማርኛ ሹክ አለኝ። እኔ ግን ከአፌ የወጣው «ሙደሪስ» የሚለው ነበር፤ መምህር። አሥር ዓመት ያህል ስለራሴ የማውቀው ይሄንኑ ስለነበር ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

«የት ነው የምታስተምረው?» ተባልኩ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ያ ደሞዜን የበላኝ ትምህርት ቤት ከፍርድ ቤቱ በረክሻ አሥር ደቂቃ አይርቅም ነበር። ስሙን መጥራት እችል ነበር። ግን ስሙን መጥራት ማለት «አዎ፣ ያለ ፈቃድ ተቀጥሬ ሠርቻለሁ» ብሎ መፈረም ነው። ስለዚህ «ልጆችን በቤታቸው አስጠናለሁ» ብዬ ዝም አልኩ። የዘረፈኝን ሰው በገዛ አንደበቴ ሸሸግኩት። ማንም «ማን ቀጠረህ? ማን አተረፈብህ?» ብሎ አልጠየቀም። የገንዘብ ቅጣት ተወሰነብኝ። ከሁለት ወር ደሞዜ ይበልጣል፤ ያውም ካልተከፈለኝ ደሞዝ።

ወገኖቼ፣ ያለ ፈቃድ የመሥራት ቅጣቱ ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ ይሄ ነው። ገንዘቡ ተበድረንም ተለቅተንም ይከፈላል። ትልቁ ቅጣት ዳኛ ከመፍረዱ በፊት የሚፈጸመው ነው፦ በደል ሲደርስብህ አቤት የምትልበት በር ከፊትህ ይዘጋል። ደሞዝህ ሲበላ፣ ማሽን ጣትህን ሲቆርጠው፣ እህታችንን አሠሪዋ ሲደፍራት፣ ሁሉም ጋ የሚጠብቀን «ወረቀት አለህ? ወረቀት አለሽ?» የሚል አንድ ጥያቄ ነው።

አሁን ሕጉ ምን ይላል ወደሚለው ልምጣ። እኔ መምህር ነኝ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም፤ የማውቀውን ያህል ብቻ ነው የምነግራችሁ።

ሱዳን የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በዚያው ዓመት የራሷን የጥገኝነት ሕግ አወጣች፤ በ2014 ደግሞ በአዲስ ተካችው። ብዙዎቻችን «ስደተኛ በሱዳን መሥራት ክልክል ነው» ብለን እናምናለን። እንደዚያ አይደለም። ሕጉ ከጸጥታና ከአገር መከላከያ ጋር ከተያያዘ ሥራ በስተቀር ስደተኛ ከሠራተኛ ቢሮ ፈቃድ አውጥቶ መሥራት እንደሚችል ይናገራል። መብቱ ወረቀት ላይ አለ ማለት ነው።

ታዲያ ለምን አናወጣም? አገር ቤት ያላችሁ ይህን ደጋግማችሁ ትጠይቁናላችሁ። ወንድሜም ባለፈው «እንደ ሰው ፈቃድህን አውጥተህ ለምን አትሠራም?» ብሎ ተቆጥቶኛል። ወንድም ጋሼ፣ መልሱ ይኸውልህ።

ፈቃድ ለማውጣት አሠሪህ ደብዳቤ መጻፍ አለበት። እኔ ሄጄ ስጠይቅ የተነገረኝ እንደዚያ ነው። አሠሪዬ ደግሞ የቀጠረኝ ፈቃድ ስለሌለኝ ነው። ደብዳቤውን ቢጽፍልኝ ደሞዜን መከልከል አይችልም። ይህ የመጀመሪያው ቋጠሮ ነው።

ሁለተኛው ቋጠሮ ያቺ በአደራ ያስያዝኳችሁ ልዩነት ናት። ሱዳን ስምምነቱን ስትቀበል ስደተኛ በአገሩ ውስጥ እንደ ልቡ የመዘዋወር መብት ያለውን 26ኛውን አንቀጽ «ይሄ አይመለከተኝም» ብላ ነው የፈረመችው። በ1974ቱ ሕግ ከተመደበለት ቦታ ያለ ፈቃድ የወጣ ስደተኛ እስከ አንድ ዓመት ሊታሰር ይችል ነበር። ካምፕ ውስጥ ኑር ይሉሃል፣ እዚያ ግን ከሰሊጥና ከማሽላ አጨዳ ወቅት በስተቀር ይህ ነው የሚባል ሥራ የለም። ሥራው ያለው ካርቱም ነው፣ እዚያ ደግሞ መኖር አልተፈቀደልህም። እንግዲህ የሠራተኛ ቢሮ ወረቀት ቢኖርህ እንኳ ካርድህ «ካምፕ» ይላል። በአንዱ ስትድን በሌላው ትያዛለህ።

ስምምነቱ ራሱ ምን ይላል ካላችሁ፣ 17ኛው አንቀጽ በአገሩ ሦስት ዓመት የኖረ ስደተኛ የአገሬውን ሠራተኛ ለመጠበቅ ሲባል በውጭ ዜጎች ላይ የሚጣለው ገደብ እንዳይጣልበት ይደነግጋል። 19ኛው ደግሞ ዲፕሎማ ኖሮት በሙያው ራሱን ችሎ መሥራት የሚፈልገውን ስደተኛ ያነሳል። ሦስት ዓመት ብቻ! እዚህ መካከላችን ሃያና ሠላሳ ዓመት የኖሩ፣ ከደርግ ዘመን ጀምረው ያሉ አባቶች አሉ። እነሱማ እ.ኤ.አ. በ2000 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን «ከ1991 በፊት የወጣችሁበት ምክንያት አብቅቷል» ብሎ የስደተኝነታቸውን ነገር ሲዘጋ አንድ ማለዳ ስማቸውን ያጡ ናቸው።

የተበላ ደሞዝንም በተመለከተ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1975 ያወጣው 143ኛው ስምምነት፣ ያለ ወረቀት የሠራ ሰው ላለፈው ድካሙ የሚገባው ደሞዝ እንደማይቀርበት ይናገራል። ስምምነቱ የሚያስረው ያጸደቀውን አገር ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ያስተምረናል። ላባችን ላባችን መሆኑን፣ ዋጋ የሚጠይቀውም ሰው ሌባ አለመሆኑን ዓለም ተወያይቶ ያመነበት ነው። ቢሯቸው ውስጥ አንገታችንን ደፍተን ሻይ ስንጠጣ ይህን ማወቃችን ቢያንስ ኅሊናችንን ቀና ያደርገዋል።

አሁን ደግሞ የሚያሳፍረኝን ልናገር። ሱዳንን ብቻ ስወቅስ ውዬ ብተወው እውነት አይሆንም።

ጎንደር እያለሁ ከካምፕ ውጭ እንዲኖሩ ከተፈቀደላቸው ኤርትራውያን አንዱን አውቀው ነበር። ያ አሠራር በ2002 ዓ.ም. የወጣ ነው፤ ያኔ ዋስ ያለው ኤርትራዊ ስደተኛ ከተማ መኖር ይችል ነበር፣ የሥራ ፈቃድ ግን አይሰጠውም ነበር። ልጁ ሒሳብ ላይ የተዋጣለት ነበር። እኛ መምህራን ማስጠናት ሲበዛብን ተማሪዎቻችንን ለእሱ እንሰጠውና ወላጆች ከከፈሉት ገሚሱን እናካፍለው ነበር። ገሚሱን! አንድ ቀን «መምህር፣ ያለፈው ወር አልደረሰኝም» ሲለኝ «ቆይ ትንሽ» አልኩት። ከዚያ ረሳሁት። ለመርሳት የቻልኩት የትም ሄዶ ሊከሰኝ እንደማይችል ስለማውቅ ነው። እዚህ ሳሃፋ ያ ኃላፊ ፈገግ እያለ ሲያናግረኝ ትዝ ያለኝ የዚያ ልጅ ፊት ነው። ወንድሜ፣ የት እንዳለህ አላውቅም። ገንዘብህን እኔ ነኝ የበላሁት። ይቅር በለኝ።

አገራችን በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1110 አውጥታ ስደተኛ እንዲሠራ በሕግ ፈቅዳለች። ጥሩ ሕግ ነው። ምን ያህሉ ተፈጻሚ እንደሆነ አገር ቤት ያላችሁ ታውቃላችሁ። እናንተ ሰፈር ጫማ የሚጠርግ፣ ልብስ የሚያጥብ፣ ልጅ የሚያስጠና የሌላ አገር ሰው ካለ እባካችሁ በሰዓቱ ክፈሉት። እኛን የምታስቡ ከሆነ እሱን ስትከፍሉት እኛን እንደከፈላችሁ እንቆጥረዋለን።

«ተሰብስባችሁ አቤት አትሉም?» የሚሉንም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ሐበሾች የመኖሪያ ፈቃድ ክፍያ ጨመረብን ብለው ካርቱም ኤምባሲያችን ፊት ተሰበሰቡ። ከተያዙት 65 ያህሉ ላይ ግርፋትና የገንዘብ ቅጣት ተፈረደ፤ ከአገር እንዲወጡም ታዘዘ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ግንቦት ወር ከ400 በላይ ኤርትራውያን ተይዘው ወደሸሹት አገር ተመልሰዋል። ስለዚህ አንዱ ሲፈራ ፈሪ አትበሉት።

ግን አንድነት ዋጋ የለውም ማለትም አይደለም። ሱዳናዊቷን የሻይ ሻጭ አወዲያ ማህሙድ ኮኮን ብዙዎቻችሁ ስሟን ሰምታችኋል። የራሷ አገር ዜጋ ሆና በዚሁ ዓይነት ከሻ የተንገላታች፣ በዕዳ ምክንያት እስር ቤት የገባች ሴት ናት። ሻይ ሻጮቹን በማኅበር አደራጅታ፣ አንዷ ስትያዝ ሌሎቹ እንዲደርሱላት አድርጋለች። በ2016 አሜሪካ ድረስ ተጠርታ ለጀግና ሴቶች የሚሰጠውን ሽልማት ተቀብላለች። በ2019 ኅዳር ደግሞ እነዚህን ሴቶች ለዘመናት ያስገረፈው የሕዝብ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተሽሯል። ከሻው አልቀረም፤ እህታችን ባለፈው ሰኞ አይታዋለች። ግን ሲያዙ ብቻቸውን ያልሆኑ ሰዎች ብቻውን እንደተያዘ ሰው አይጎዱም።

እኔንም ያዳነኝ ይኸው ነው። በዚያ ጠዋት ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ሱዳናዊ አዛውንት፣ ዓሚ የምላቸው፣ ነጭ ጀላቢያቸውን ለብሰው ከዘራቸውን ይዘው ፍርድ ቤት መጡ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ዋስ ሆኑኝ፣ የጎደለኝን ከኪሳቸው ሞሉልኝ። ገንዘቡን ከፍለን ልንወጣ ስንል ዓሚ በሩ ላይ ቆሙና ጸሐፊውን «ኢሳል!» አሉት። ደረሰኝ። ጸሐፊው ነገ እንሰጣለን አለ። እሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ሥራ የለኝም፣ እስከ ነገ መቀመጥ እችላለሁ» አሉ። ደረሰኙ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተጻፈ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ስያዝ ያቺን ደረሰኝ አሳይቼ ነው በዚያው ማታ ቤቴ የገባሁት።

ከዚህ ሁሉ የተማርኩትን በአጭሩ ላስቀምጥላችሁ።

አንደኛ፣ በምን እንደተያዛችሁ ጠይቁ። የመኖሪያ ወረቀት አለመያዝ አንድ ነገር ነው፣ ከካምፕ መውጣት ሌላ ነው፣ ያለ ሥራ ፈቃድ መቀጠር ሌላ ነው፣ መንገድ ላይ ያለ ንግድ ፈቃድ መሸጥም ሌላ ነው። የመጨረሻው የአካባቢው አስተዳደር ጉዳይ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ እንደዚያ አይደሉም። ቂስም ውስጥ ግን አራቱንም እንደ አንድ ሲያወሩት ትሰማላችሁ። ያልሠራችሁትን ጥፋት አትቀበሉ።

ሁለተኛ፣ ማንበብ የማትችሉት ወረቀት ላይ አትፈርሙ። «ፈርምና ውጣ» ሲሉህ የምትፈርመው በፈቃዴ ወደ አገሬ እመለሳለሁ የሚል ሊሆን ይችላል። ቶሎ ለመፈታት ብላችሁም «አገሬ ልመለስ ነበር» አትበሉ።

ሦስተኛ፣ ስደተኛ ከሆናችሁ «አና ላጂእ» በሉ፤ ካርዳችሁን ከያዙባችሁ ቁጥሩን በቃላችሁ ተናገሩ። መመለስ የሚያስፈራችሁ ከሆነ በግልጽ ተናገሩ። ለሙዕተመዲያው ማለትም ለመንግሥቱ የስደተኞች ጽሕፈት ቤትና ለተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን እንዲነገርላችሁ ጠይቁ። የስምምነቱ 33ኛ አንቀጽ ስደተኛን አደጋ ወዳለበት አገር መመለስን ይከለክላል። ያለ ፈቃድ ሻይ መሸጥ ይህን መብት አያሳጣም። ዜግነታችሁንም አትዋሹ፤ አንድ ጊዜ የዋሸ ሰው እውነቱን ሲናገርም የሚያምነው የለም።

አራተኛ፣ የውሸት ፈቃድ ከደላላ አትግዙ። ከእኛው መካከል የሆነ አንድ ልጅ ለአንድ ደላላ የስድስት ወር ቁጠባውን ከፍሎ ማኅተም ያለበት ወረቀት ገዛ። ሲያዝ ወረቀቱን በኩራት አወጣ። በቅጣት ሊያልቅ የሚችለው ነገር በሐሰተኛ ሰነድ ክስ ወደ እስር ተለወጠ። ፈቃድ የሌለው ሰው የጎደለው ወረቀት ነው፣ ሐሰተኛ ፈቃድ የያዘ ግን በሕግ ዓይን ወንጀለኛ ነው።

አምስተኛ፣ ለከፈላችሁት ሁሉ ኢሳል። ካልሰጡ እንደ ዓሚ ወንበር ሳቡ። ወንበር ከሌለ ቁሙ።

ስድስተኛ፣ የሠራችሁበትን ቀን በደብተር ጻፉ። ስንት ሰዓት፣ የት፣ ማን ነው ያዘዛችሁ። አሠሪው በስልክ የላከውን የድምፅ መልእክት አታጥፉ። ዛሬ የትም የማትከሱበት ወረቀት ነገ ሊያገለግል ይችላል። እኔ ያን ጊዜ አንድም ቀን አልጻፍኩም። ፊዚክስ መምህር ሆኜ፣ ተማሪዎቼን «የለካችሁትን መዝግቡ» ስል ኖሬ፣ የራሴን ላብ አልመዘገብኩም።

አሁን ወደ እህታችን ልመለስ። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሆነን አብረናት ሄድን፤ እኔ፣ አንዲት ጎረቤቷ እና ከሁላችንም የተሻለ ዓረብኛ የሚችለው የጎረቤቷ ልጅ። ቂስሙ በር ላይ ስትደርስ እግሯ ተሳሰረ። «ቲቸር፣ እንመለስ» አለችኝ። እንዳንመለስ ያደረጋት እኔ አይደለሁም፤ ልጁ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። እጇን ያዘና ገባ። በምን እንደተያዘች ጠየቀ፤ ያለ ንግድ ፈቃድ በመንገድ ላይ መሸጥ መሆኑን ነገሩት። ቅጣቱ ተከፈለ። ካርዷ ተመለሰ። ምድጃውና ጀበናው ተገኙ፣ ከስድስቱ በርጩማዎች አራቱ የት እንደገቡ አልታወቀም። ልንወጣ ስንል ልጁ ዞር ብሎ ማንም ሳይነግረው «ኢሳል» አለ።

ያ ልጅ እኔ ጋ ነው የሚማረው። ደረሰኙን እንድይዝላት ሰጥታኝ አሁን ይህን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ አለ።

ለነገ ሐሳብ አለኝ። ሳሃፋ፣ ደይም፣ ጅሬፍና ሌላም ሰፈር ያላችሁ፣ በየሰፈሩ ዓረብኛ ማንበብ የሚችሉ ሁለት ሁለት ሰዎች እንምረጥ። ሰው ሲያዝ የሚደወልላቸው፣ አብረው ቂስም የሚሄዱ። ገንዘብ አንሰበስብም፣ ሊቀመንበር አንመርጥም፣ ፖለቲካ አናወራም። ብቻ ማንም ብቻውን አይግባ። ፈቃደኛ የሆናችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስምና ስልካችሁን እዚህ በአደባባይ አታስቀምጡ።

እማዬ፣ ደህና ነኝ። እያስተማርኩ ነው። ደሞዙ ትንሽ ነው፣ ግን የሚከፍሉኝ ወላጆች በሰዓቱ ነው የሚከፍሉኝ፤ እነሱም ያለ ፈቃድ ስለሚሠሩ ያውቁታል።

ሰላም እደሩ።

አል-ሳሃፋ፣ ካርቱም
ጥቅምት 2015 ዓ.ም.